ማሽላውን የረገጠው ጎማ

ሼህ እንድሪስ ማሽላቸውን ሊጠብቁ ከተኙበት የመንገድ ጠርዝ ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሞተው ተገኙ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲኬድ ቁልቁል የምትገነጠል አንዲት ቀጥ ያለች አስፋልት አለች። የመንደሩ ሰው በመኸር ጊዜ መንገዷን በድንጋይ ይዘጋና እህሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰጣባታል። ንጋት ላይ፣ ከመዝጊያው ድንጋይ ወዲህ፣ ከተሰጣው እህል ሽቅብ ቆሞ ያደረው የአማቻቸው የዘካሪያ ፒክአፕ ተንከባሎ ወረደና ወጣባቸው። አምስት እርምጃ አልፏቸው ቆመ። ከዚያ በታች መታጠፊያውና ገደሉ ነው።

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ከደሴ ስትደርስ ትራፊኩ ሳጅን በላቸው ቦታውን በገመድ አጥሮ፣ ሪፖርቱንም ጨርሶ ጠበቃት።

«አደጋ ነው» አላት። «የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ነው ያገኘነው። ቁልቁለቱን አልቻለም፣ ማሽላው ደግሞ አንሸራተተው። አማቹም አምኗል።»

«ምን ብሎ?»

«ድንጋይ ጎማው ሥር አላደረግኩም ብሎ።»

«ድንጋይ አለማድረግና ሰው መግደል መቼ ነው አንድ የሆነው?»

«ሬሳ እኮ አለ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሬሳውን አየሁ። ያላየሁት ጎማውን ነው።»

ሰርክአዲስ የደሴ ሆጤ ሰፈር ጎሚስታ ልጅ ናት። ባልደረቦቿ መኪና ሲያዩ ታርጋ ያነባሉ፤ እሷ ጎማ ታነባለች። ይህንንም ማንም አላስተማራት፤ አባቷ ጎማ ሲለጥፍ ቁጭ ብላ እያየች ነው የለቀመችው።

ዘካሪያ በካቴና ታስሮ ከአጥር ሥር ተቀምጧል። «ማታ አቆምኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ማርሽ ግን አላስገባሁም። የበሩ ቁልፍ ከተበላሸ ከርሟል፤ እዚህ መንደር ማን ይነካዋል ብዬ ነው። ለሱብሂ ሰላት መስጂድ ነበርኩ፣ ጀመዓው በሙሉ አይቶኛል። ስመለስ… እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ሚስቱ ሳሊሃ፣ የሟቹ ልጅ፣ ከሩቅ ሆና ሰማችው። «ከዐሱር በኋላ አባባ ይቀበራሉ» አለች ለኢንስፔክተሯ። «ጀናዛቸውን እንዳይነካ ንገሪልኝ።»

«ባልሽ አይደለም እንዴ?»

«እስከ ትናንት።»

የሟቹ ጎረቤት አቶ ብሩ ሲጠየቅ ሳይደብቅ ተናገረ። ባለፈው ሳምንት ከሼሁ ጋር በማስጫ ቦታ ተጣልተው ነበር። «ግን የወሎ ሰው ተኳርፎ ሲያድር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ደሴ ጣቢያ ሞልተውኛል። መኪና ይነዳሉ?»

«በሬ ነው የምነዳ፣ የኔ እህት።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ተውፊቅ ፊቱ ረግቷል። «አላህ ይርሀመው። እርሻ ላይ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ። ስደርስ መኪናው ቆሟል።»

«ሰሞኑን ወንድምዎ ምን ጉዳይ ነበራቸው?»

«ምንም።»

«ነገ ሽማግሌ ፊት ሊመሰክሩ ነበር» አለች ሳሊሃ። «የታችኛው የመስኖ መሬት የእህታቸው፣ የአክስቴ የኡሙሰልማ ነው ብለው። አጎቴ የእኔ ነው ይላል።»

«የቤተሰብ ነገር እዚህ ምን ያደርጋል?» አለ ተውፊቅ።

ሰርክአዲስ ጫማዋን አውልቃ በመንገዱ ዳር ቁልቁል ወረደች፤ በየአምስት እርምጃው እየተቀመጠች ማሽላውን አየች። ከዚያ ለጥንቃቄ ከመኪናው ፊት ራቅ አድርጋ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጣ አምስት ጎረምሶች እንዲገፉት አዘዘች። የእጅ ፍሬኑ የሚይዛቸው የኋላ ጎማዎች ፍንክች አላሉም። የግራውን በር ከፍታ፣ ምንም ሳትነካ፣ የፍሬኑን እጀታ ተመለከተች። የቀኙ በር በሽቦ የታሰረ ነው።

ከዙሁር በኋላ ሁሉንም ገመዱ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ሳጅን፣ ጭቃ ላይ ስትራመድ ዱካህ ጥርት ብሎ ይቀራል። እግርህን ስትጎትት ግን ጭቃውን ትጠርገዋለህ። ጎማም እንደዚያው ነው። ሲንከባለል፣ መሬቱን የነካው ክፍሉ ለቅጽበት ቆሞ ይነሳል፤ ይረግጣል እንጂ አይፍቅም። ፍሬን ሲይዘው ይጎተታል፣ ያገኘውንም ወደ ፊት ይገፋል። አሁን ማሽላውን እዩ።»

አዩ። ከላይ እስከ ሼሁ መኝታ ድረስ ፍሬው በጎማው ጥርስ ቅርጽ ተጨፍልቆ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ተጋድሟል። ከእሳቸው በታች ግን አስፋልቱ ገጦ ይታያል፤ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ፊት ማሽላው ጉብ ብሏል።

«ፍሬኑ ከላይ ጀምሮ ተስቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥራጊ ከላይ ይጀምር ነበር» አለች። «መኪናው ሲወርድ ፍሬኑ ተለቅቋል። ሼሁን ከረገጠ በኋላ ተሳበ። ፍሬኑም ደህና ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይዞት አድሯል። ብቻውን የተነሳ መኪና ብቻውን ፍሬን አይዝም። ውስጡ ሰው ነበር። እጀታው ላይ የጣት አሻራ አለ፤ ማታ ለምርመራ ደሴ ይገባል።»



«እኔ ነኝ የሳብኩት» አለ ተውፊቅ። «ወንድሜን ሲረግጠው ደረስኩ። እየሮጥኩ ዘልዬ ገባሁና ያዝኩት። ትጠረጥሩኛላችሁ ብዬ ደበቅሁ እንጂ፣ ወላሂ ለደግ ነው።»

«በየትኛው በር ገቡ?»

«በግራው ነዋ። ሌላው አይከፈትም።»

«እንግዲያው እስኪ ከዚህ እስከዚያ በማሽላው ላይ ይሩጡልኝ።»

ተውፊቅ አልተንቀሳቀሰም። ብሩ ራሱን ነቀነቀ። «በተሰጣ ማሽላ ላይ የሮጠ ሰው በቂጡ ነው የሚደርሰው።»

«ቢደርስስ ዱካው የታለ?» አለች ሰርክአዲስ። «በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ፍሬው እንደተሰጣ ነው። ያለው የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ነው፤ እሱም ከቆመው መኪና በር ይጀምርና ወደ እርሻው ይሄዳል። የወጣ አለ፣ የገባ የለም። እርስዎ የገቡት ማሽላው ካልደረሰበት፣ ከላይ ነው። ፍሬኑን ለቀቁ፣ ወንድምዎን ረገጡ፣ ገደሉ ሲቀርብ ለራስዎ ነፍስ ሳሱና ሳቡት።»

ተውፊቅ ቁልቁል መስኖውን አየ። «የአባቴ መሬት ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሳጅን በላቸው ካቴናውን ከዘካሪያ እጅ ፈታና ለተውፊቅ አጠለቀለት። ሪፖርቱን ደግሞ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዘካሪያ ቢፈታም ከተቀመጠበት አልተነሳም። «ድንጋይ ባደርግ ኖሮ…»

«አንስቶ ይጥለው ነበር» አለችው ሰርክአዲስ። «ለሌላ ሰው እጅ አንተ ምን ቤት ነህ?»

ከመስጂዱ የዐሱር አዛን ተሰማ። ወንዶቹ ጀናዛውን ሊያነሱ ወደ ግቢው ገቡ። ዘካሪያ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጀናዛውን እንዳይነካ ማለዳ የተባለውን ሰምቷል። ሳሊሃ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ትቆማለህ?» አለችው። «ጀናዛውን ከፊት በኩል ያዝ። አባባ ከባድ ናቸው።»