በሽማኔው ጉድጓድ ላይ የቆመችው ጀት

ሮዳስ እንድርያስን የጠላችው ገና ስሙን ሳታውቅ ነው። ሻንጣውን ተሸክሞ የግቢያቸውን በር ሲገፋ አየችው፤ በቃ፣ ጠላችው።

ምክንያት ነበራት። ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ወደ ቁስቋም የሚያወጣው ዳገት ግርጌ፣ እናቷ ደሳለች ለዚህ ሰው ያከራየችው ክፍል የአባቷ የሽመና ክፍል ነው። አባቷ ዓለሜ በሕይወት ሳለ እግሩን ከሸማ መሥሪያው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ አልብሷል። እሱ ካረፈ በኋላ ሮዳስ እዚያው ተቀምጣ ልትሸምን ፈለገች። እናቷ ግን ወይ ፍንክች አለች። በእነሱ ቤት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ከጋሞ ሲመጡ እንዲህ ነበር፤ አዲስ አበባ ገብተውም እንዲሁ ነው። ሴት ልጅ ጉድጓድ ገባች ሲባል ጎረቤት ምን ይላል? ጸሎት ቤት አብረዋት የሚቀመጡት ሴቶችስ?

ሮዳስ ጨቀጨቀች፣ አኮረፈች፣ ምግብ አልበላም አለች። ደሳለች በመጨረሻ ለመገላገል ያህል አንድ ነገር ተናገረች።

«እሺ። ተከራዩ በራሱ ፈቃድ የወጣ ቀን ትገቢያለሽ። አንቺ ካባረርሽው ግን ጉድጓዱን ድንጋይ ነው የማስሞላው!»

ደሳለች ያለችውን እንደምታደርግ ሮዳስ ታውቃለች። ስለዚህ ሰውየውን ሳታባርር ማባረር ነበረባት።

እንድርያስ ዊንጌት አካባቢ ካለ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። የገባ ዕለት ጉድጓዱን በጣውላ ከደነው። ጣውላው ላይ ጠረጴዛ አቆመ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ትልቅ ካርቶን ከፈተ። ውስጡ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች የተያያዙ፣ ቁጥራቸው የበዛ ግራጫ ቁርጥራጮች ነበሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሮዳስ በሩ ላይ ቆማ።

«ሚግ ናት። ተዋጊ ጀት። ከእውነተኛዋ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ታንሳለች፤ ስትገጣጠም ግን ከክንድሽ ትረዝማለች።»

«መጫወቻ ነዋ።»

«መጫወቻ አይደለችም።»

«እና የሰው መግደያ ነው የአባቴ ጉድጓድ ላይ የምታቆመው?»

«አይዞሽ፣ ጉድጓዱን አትበላብሽም» አለና በሩን በቀስታ ዘጋባት። በኃይል ቢዘጋው ይሻላት ነበር።

ጦርነቱ የተጀመረው አንድ ፀሐያማ ቅዳሜ ነው። እንድርያስ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የቀለም መርጫ ደጃፉ ላይ አውጥቶ የጀቷን ሆድ ግራጫ ሲቀባ፣ ነፋሱ ብናኙን ጠርጎ ሮዳስ አጥባ በገመድ ላይ ያሰጣችው ፈትል ላይ አራገፈው። ነጩ ፈትል አመድ የነሰነሱበት መሰለ።

«ዕውር ነህ?»

«ነፋሱ ዞረብኝ።»

«ይቅርታ ማለት እናትህ አላስተማረችህም?»

«ልል ስል ነው ዕውር ያልሽኝ። አሁን አልልም።»

በማግስቱ ሮዳስ ጥጥና ደጋን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። በሰፊው ግቢ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚያው ጥጧን ትነድፍ ጀመር። ደጋኑ ጡም፣ ጡም ባለ ቁጥር ባዘቶው ብን እያለ በመስኮቱ ገባ። ቀለሙ ገና ያልደረቀው የጀቷ ክንፍ ለጉድ ነጭ ፀጉር አወጣ።

«ክንፏ ፀጉር አበቀለ!» ብሎ ጮኸ እንድርያስ።

«እንኳን ደስ አላት!»

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ቀለም መርጫውን ሲያስነሳ መብራት ታጠፋበታለች። ደጋኗን ስታነሳ በስልኩ ሙዚቃ ያስጮኽባታል። ሰላምታ የለም። ከበሩ ሲገናኙ ሁለቱም ቆመው ይተያያሉ፣ ማንም ቅድሚያ አይሰጥም። ሮዳስም ጠላቷን አጠናችው። ሙጫው በደንብ ሲይዝለት እንደሚያፏጭ፣ ሲበላሽበት ደግሞ ራሱን ስም እየጠራ እንደሚሰድብ አወቀች። ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ሲያልፍ በሩን በሩን ማየት ጀመረች። ለምን እንደሆነ ቢጠይቋት፣ ለመጣላት ነው ትል ነበር።

አንድ ቀን ድንገት ዝናብ ወረደ። ፈትሉ ውጭ ነበር። ሮዳስ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስትወጣ እንድርያስ ቀድሟታል። ጣቶቹ ቀለም ስለነበሩ በእጅ አንጓዎቹ እየጠቀለለ፣ በአገጩ እየደገፈ፣ እሱ እየራሰ ፈትሉን በረንዳው ላይ አስቀመጠላት። ቀና ብሎ አያት። ሮዳስ በጣም ተናደደች፤ ጠላት እንዲህ አያደርግማ።

ነገሩ የፈነዳው ደግሞ በሌላ ቅዳሜ ነው። ሮዳስ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ በመስኮቱ ስር ስታልፍ እንድርያስ ከጓደኛው ጋር በስልክ ያወራል።

«ቆንጆ ናት፤ አፍንጫዋ ግን ተጣሟል። ምን ላድርግ? ከእሷ ጋር ስንት ጊዜዬን ፈጀሁ መሰለህ። ጭንቅላቷ ደግሞ ባዶ ነው፤ ክብደት ካልጨመሩላት በቂጧ ነው የምትቀመጠው!»

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። የሮዳስ አፍንጫ ከተወለደች ጀምሮ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። እጇ ሳታዝዘው አፍንጫዋን ነካ። ከዚያ በሩን በርግዳ ገባች።

«አፍንጫዬ ምን አደረገህ?»

«ምን?»

«ባዶ ጭንቅላት ነኝ? እኔ ነኝ ጊዜህን የፈጀሁት? በቂጤ ብቀመጥስ ምን አገባህ?»

እንድርያስ ስልኩን አየ፤ ጀቷን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ማድረግ ያልነበረበትን አደረገ፤ ሳቀ።

«እሷን እኮ ነው! ጀቷን! ከፊት ካልከበደች በጅራቷ ነው የምትወድቀው።»

ጥፋቱ የአማርኛችን ነው። መኪናም እሷ፣ ጀትም እሷ፣ የአከራይ ልጅም እሷ። ሮዳስ አብራ ብትስቅ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን እንዴት ትሳቅ? ይህ ሰው ስለ አፍንጫዋ የሚያስበው ነገር እንዲህ ካንገበገባት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል፤ እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ከጀቷ አፍንጫ ጫፍ ወደፊት የወጣውን ረጅሙን መርፌ ያዘችና ቀጭ አድርጋ ሰበረችው።

«ይኸው፤ አሁን ተቃናች።»

ሳቁ ቆመ። እንድርያስ አልጮኸም። የተሰበረውን ቁራጭ ከእጇ ወስዶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

«ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው አፍ ጥርስ እሠራለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲስቁበት ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኔ የምላት ይህቺን ብቻ ነበር።»

ሮዳስም ቀኑን ሙሉ የምትፈትለው ለሌላ ሰው ነው፤ ፈትሏ ወጥቶ የሌላ ሰው ኩታ ሆኖ ይሸጣል። ይህን ልትነግረው አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የአንተ የሆነችው የቆመችው የእኔ በሆነው ላይ ነው! ጉድጓዱን የምፈልገው ልሸምንበት ነው። አንተ በፈቃድህ ካልወጣህ አላገኘውም።»

እንድርያስ ጣውላውን ቁልቁል ሲያይ ቆየ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትወጣ ነበር?»

አሰበበት። «አልወጣም ነበር» አለ። «ያኔ አልወጣም ነበር።»

በማግስቱ እሑድ፣ እናትና ልጅ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሮዳስን አላያትም።

«እትዬ ደሳለች፣ በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እለቃለሁ። ሥራዬ ራቀኝ።»

«ዊንጌት ነው የራቀህ?»

«አዎ። በራሴ ፈቃድ ነው። ማንም ምንም አላለኝም።»

ሮዳስ የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ጉድጓዱ በእጇ ገባ። ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋችበት ነገር ይኸው እግሯ ስር ወደቀ፤ ደስታው ግን አልመጣላትም። ወዳዋለች። ያወቀችው እዚያው ቆማ ነው፤ ማወቋም አበሳጫት።

«ውሸቱን ነው!»

«አንቺ ዝም በይ!» አለ እንድርያስ።

«አንተ ዝም በል! እማዬ፣ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ጥጥ የነደፍኩበት፣ መብራት ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ የጀቷን አፍንጫ ሰበርኩት።»

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ለአንቺ ብዬ እየዋሸሁ!»

«ማን ዋሽልኝ አለህ?»

«ማንም! እወድሻለሁ፤ ምን ልሁን?»

«እኔስ ምን የሆንኩ መስሎሃል? አፍህን ከፍተህ አትየኝ፤ እወድሃለሁ!»

የጎረቤታቸው የወይዘሮ መሰለች ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ደሳለች አየቻት። ፊቷ ጠቆረ።

«ሰማሁ» አለች ልጇን። «ያልኩሽን አልረሳሽም መቼም። ነገ ድንጋይ የሚያመጣ ሰው እጠራለሁ።»

ሮዳስ አልተከራከረችም። እውነቱን ስትናገር የሚያስከፍላትን ታውቅ ነበር፤ እንባዋ ግን መጣ።

«እትዬ» አለ እንድርያስ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉ የእኔ ነው አይደል?»

«የአንተ ነው።»

«ክፍሉን ባልለቅስ?»

«ካልለቀቅክማ ተከራይ ነህ፤ የአንተ ነው።»

«እንግዲያው አልለቅም።»

ወደ ክፍሉ ገባ። ጀቷን በሁለት እጁ አንስቶ አልጋው ላይ አስተኛት። ጠረጴዛውን እየጎተተ ግድግዳው ጋ አስጠጋ። ከዚያ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ውጭ ይወረውራቸው ጀመር። ሲጨርስ በሩ ላይ ቆመ፤ ያልበታል፣ ንዴቱም አልበረደለትም።

«የክፍሌ ወለል ድንጋይ አይሞላም። እዚህ ማን እንደሚቀመጥ የምወስነውም እኔ ነኝ።» ወደ ሮዳስ ዞረ። «ግቢ።»

«አንተ የት ትተኛለህ?»

«መሬት ላይ። ግቢ አልኩሽ!»

«አትጩህብኝ!» አለችና ገባች።

ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰደደች። የአባቷ ሁለት መርገጫዎች እዚያው ነበሩ። እናቷ በሩ ድረስ መጥታለች፤ ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ መሰለች አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«አንተ» አለች ደሳለች በመጨረሻ እንድርያስን፣ «ሽማግሌ ላክ። እስከዚያ ይህ በር ክፍት ሆኖ ይዋል።»

ልትሄድ ዞረች። ሮዳስ ቀኝ እግሯን አንስታ የቀኙን መርገጫ በዳበሳ ስትነካ ደሳለች ድምፁን ሰማችና ቆመች።

«በዚያኛው አይደለም» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «አባትሽ በግራው ነበር የሚጀምረው።»