በቻናል አምስት የተሰማው ድምፅ

የድምፅ ባለሙያው ዓለምነው በድምፅ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም ኬብሎቹ ሥር ረግቷል፤ የማይክ ማቆሚያው ብረት አጠገቡ ወድቋል። የኢንጅባራው ባህል አዳራሽ ዘበኛ እታለማሁ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ እጇ ሳታዘው አንድ ነገር ሠራ። ጩኸቷ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢንስፔክተር የምስራች ስትደርስ እታለማሁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት ኢንስፔክተሯ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራል።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ማን ማን ገባ?»

«ሦስት ሰው። የራዲዮዋ ጋዜጠኛ ሕይወት፣ የፈረስ ትርዒቱ አስተዋዋቂ መልካሙ፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ትዕዛዙ። በየተራ ገብተው አራት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወጡ።»

«ከዚያስ?»

«ዝንብ አልገባ። እኔ ከአዳራሹ በር ንቅንቅ አላልኩም።»

«ሟች በሕይወት መኖሩን መጨረሻ ያወቁት መቼ ነው?»

«አራት ተኩል ላይ በስፒከሩ ተናገረ። ‹አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ› አለ። ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

ይህን እንዳለች ነገሩ ገባት። አራት ተኩል ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያም ማንም ካልገባ፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። በገዛ አፏ ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ኮንስታብል ሀብቱም ገብቶት ኖሮ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

ኢንስፔክተሯ ሦስቱን እዚያው ግቢው ውስጥ ጠየቀች።

«ተጨቃጭቀናል፣ አልደብቅም» አለች ሕይወት። «ሁለት ገመድ አልባ ማይክ አንድ ሞገድ ላይ ከዋለ አንዱ ሌላውን ያፍነዋል። የነገው የፈረስ ትርዒት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ቻናል አምስትን ልቀቅልን አልኩት። በስንት ልመና ‹እሺ፣ የእኔን ወደ ሁለት አዞራለሁ› አለኝ።»

«የእናንተ ማይክ የት አለ?»

«ከዳንግላ አሁን መድረሱ ነው። ያውና መኪናው።»

መልካሙ ላቡን ጠረገ። «እኔ ከሱ ምን ጠብ አለኝ? ባለፈው ወር ፈረሰኞቹን ‹ተሰለፉ› ስል በስፒከሩ የሠርግ ዘፈን ገባብኝ። ፈረሶቹ በረገጉ፣ አንድ ሽማግሌ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ዓለምነው ያን ጊዜ ነው ክስ የጻፈው፤ ያለ ፈቃድ ሞገድ የያዘ ሰው ዕቃው ይወረስ ብሎ። ዛሬ ሊያስገባው ነበር።»

«ማንን ማለቱ ነው?»

«እኔን ነዋ!» ትዕዛዙ ሳቀ። «ገመድ አልባ ማይክ የሚባል ነገር ሸጬ ከጨረስኩ ሰነበትኩ። ደግሞ አራት ተኩል ላይ ከነመልካሙ ጋር የግቢው በር ላይ ነበርኩ።»

«ነበርክ» አለ መልካሙ። «ከመኪናህ ወርደህ ‹ሰማችሁት? ሙከራ አይሰለቸውም እኮ› አልከን።»

«እህሳ!»

ኢንስፔክተሯ ወደ እታለማሁ ተመለሰች። «ድምፁ እንዴት ያለ ነበር?»

«የሱው ነው። ከኋላው ግን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚወርድ ይመስል ነበር።»

የምስራች ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የጥር ሰማይ ነው፤ ጭረት ደመና የለበትም።

«የሚሞክር ሰው ማይክ በእጁ ይይዛል። ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ግን ማይኮቹ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ማን አነሣው?»

እታለማሁ ብትናገር አሻራዋ ማይኩ ላይ ይገኝባታል፤ ዝም ብትል ያው እስር ቤት ነው። «እንግዲህ ካሰሩኝም እውነቱን ተናግሬ ይሰሩኝ» አለች በልቧ።

«እኔ ነኝ። ከእጁ ላይ አንሥቼ፣ አጥፍቼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አሥር ዓመት ሙሉ ‹እታለም፣ በርቶ ካየሽው አጥፊው፣ ባትሪ ይበላል› ሲለኝ ኖሯል፤ እጄ ለመደ። ሰው ሞቶ እኔ ባትሪ እቆጥባለሁ!»

«ሲበራ የቻናሉን ቁጥር ያሳያል። አይተውት ነበር?»

«ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አይጠፋኝም። ሁለት ይላል።»

ኢንስፔክተሯ ሀብቱን ጠርታ በጆሮው አንሾካሾከች፤ እሱም ወደ መኪናዎቹ ሄደ። ሌሎቹን አዳራሹ ውስጥ፣ ድምፅ ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የማይኩን ድምፅ ወደ ስፒከሩ የሚያስገባው ይህ መቀበያ የሚሰማው አንድ ቻናል ብቻ ነው» አለች። «እዩት፤ አሁንም አምስት ላይ ነው። ዓለምነው ለሕይወት ቃል በገባው መሠረት ማይኩን ወደ ሁለት አዞረ፤ መቀበያውን ሳያዞር ግን ከኋላው ተመታ። ስለዚህ አራት ተኩል ላይ የሰማችሁት ድምፅ በእጁ ከነበረው ማይክ የመጣ አይደለም። ዝናቡስ? በጥር ዝናብ ከየት መጣ? ድምፁ ክረምት ላይ የተቀዳ ነው። አንድ ሰው ከግቢው ሆኖ፣ አምስት ላይ ባለ ሌላ ማይክ ቅጂውን ላከው። ሟች አራት ተኩል ላይ በሕይወት ነበር ከተባለ ቀድመው የወጡት ነጻ ናቸው።»

ሕይወት ፊቷ ዐመድ መሰለ። «አምስት እኮ... የእኛ ነው።»

«የእናንተ ማይክ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር።»

«እኔንም አትዩኝ!» አለ ትዕዛዙ። «የለኝም ብያለሁ፣ የለኝም!»

ስፒከሩ ድንገት ጮኸ። ሁሉም ዘለሉ፤ እታለማሁ አማተበች።

«ሄሎ፣ ሄሎ። ኢንስፔክተር፣ ሀብቱ ነኝ። ማይኩን ከትዕዛዙ መኪና ወንበር ሥር አገኘሁት። ይሰማል?»

«በአምስት ይሰማል» አለች የምስራች። «ስልክህን አምጣ፣ ትዕዛዙ።»

ስልኩ ላይ የዓለምነው ቪዲዮ ነበር፤ ባለፈው ክረምት አብረው ሲሠሩ የተቀዳ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ እሱ ማይክ ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» ይላል።

«ክሱን ቅደድልኝ ብዬ ለመንኩት» አለ ትዕዛዙ፣ ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ። «ዕቃዬ ከተወረሰ ምን በልቼ እኖራለሁ አልኩት። ‹ሕግ ነው› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።» ከዚያ ወደ ዘበኛዋ ዞረ። «እታለም፣ ይሙቱ፣ እርስዎ ይታሰራሉ ብዬ አላሰብኩም።»

እታለማሁ ፊት ለፊት ዓይን ዓይኑን አየችው።

«በሩ ላይ እኔ ብቻ እንደተቀመጥኩ እያየህ ወጣህ» አለችው። «ታዲያ ማን ይታሰራል ብለህ ነበር?»

ሀብቱ ይዞት ሲወጣ እታለማሁ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።