አለንጋዋና አናጢው

እባቧ ከድንጋዩ ስር ተፈትልካ ወጥታ የአናጢውን ቀኝ እጅ ነከሰች። ነክሳ አልለቀቀችም፤ እያኘከች ተንጠለጠለች። ታላቅ እህቱ የእባቧን ማጅራት ይዛ አላቀቀቻትና ፊቷ በደስታ በራ።

«እትዬ፣ አለቀልኝ!»

«ምን ያልቅልሃል? አለንጋ የምንላት እባብ ናት እኮ! ቅጥነቷን አታይም? በጠራራ ፀሐይ እንሽላሊት ስታሳድድ የምትውል ሯጭ ናት። መርዝ የሚባል ነገር የላትም።» ከዚያም ከት ብላ ሳቀችበት። «እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ!»

ዕድሜዋን የፈጀችው እባብ በማጥናት ነው። ይህችን አንዷን በሕይወት ይዛ ለመመለስ ስትል በረሃውን አቋረጠች፤ እሱ ደግሞ ብቻዋን አትሄድም ብሎ መጋዙን አስቀምጦ የተከተላት ደግ ወንድም ነው። እባቧን ከረጢት ውስጥ ከተው ወደተሻገሩት ወንዝ መመለስ ጀመሩ። መንገድ ላይ አቧራ የተሸከመ ነፋስ ተነስቶ ዓይን አላስገልጥ አላቸው፤ እየዳሁ አንድ ዋሻ ገብተው እዚያው አደሩ። አናጢው ኮቱን እንደደረበ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ ተጋደመ። «አመመህ?» ስትለው «ደህና ነኝ» ይላል። አይ የወንድ ልጅ ኩራት!

ሲነጋ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ሞልቶ ግንድ እየነቀለ ይጋልባል። ሲመጡ የዘረጉትን ገመድ ጨብጠው ገቡ። መሃል ሲደርሱ አዞ ከአለቱ ላይ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ጠለቀ።

«ፍጠን!»

«አልጨብጥ አለኝ! እጄ አልጨብጥ አለኝ!»

ቀበቶውን ጨምድዳ ያዘችው። ሰመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ወጡ። ከረጢቱን ከነእባቧ ጎርፉ ወሰደው፤ ዞራም አላየችው። ወንድሟን ወደ ዳር ጎትታ እጅጌውን ሰበሰበች። ከክርኑ በታች የጫማ ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እጅ ጠቁሮ፣ አብጦ፣ በድን ሆኗል።

«ምነው አንተ! መቼ ነው ያሰርከው?»

«ትናንት፣ እንደነከሰችኝ፣ አንቺ ሳታይ። መርዙ ልቤ እንዳይደርስ ብዬ ነዋ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳቅሽብኝ እኮ።»

የቀረውን መንገድ አዝላው ሄደች። እየወደቀች፣ እየተነሳች፣ ምላሷን እየረገመች ጤና ጣቢያ አደረሰችው። ሐኪሙ ማሰሪያውን አየና «እጁን የገደለው ይህ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየውን አተረፉት፤ እጁን ግን ቆረጡት።

ሲነቃ ፋሻውን በግራ እጁ ዳሰሰ። በር የሚሠራው፣ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ እጅ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መርዝ ነበራት፣ አይደል?»

ስለ እባብ ዋሽታ አታውቅም። ሰው ስለ እባብ ሲቀባጥር ከሰማች ሳታርም አታልፍም ነበር። እንባዋን ዋጥ አደረገች።

«ነበራት።»

«አላልኩሽም? ባላስረው ኖሮ እኮ ሞቼ ነበር!»

«አዎ ወንድሜ» አለችው ግንባሩን እየሳመች። «ሞተህ ነበር።»