የሰብለወንጌል ድምፅ

በማርስ መንገድ ላይ በምትጓዘው «ዋልያ» መንኰራኵር ውስጥ ሕፃናትን የምታጠባው ሞግዚት አካል የላትም። ከአልጋው ራስጌ ተሰቅላ፣ ወተት አሙቃ፣ ጡጦ አቅርባ፣ ከወላጅ በተዋሰችው ድምፅ የምታባብል መሣሪያ ናት። ለሁለት ወሯ ለሶልያና ድምፅ ያዋሰቻት እናቷ መሐንዲስ ሰብለወንጌል ነበረች፤ እርሷም የተሰበረውን የመገናኛ አንቴና ልትጠግን በትንሿ የጥገና መንኰራኵር ወደ ውጭ ከወጣች ሦስተኛ ቀኗን ይዛለች። አንቴናው እስኪጠገን ድምፅዋ አይሰማም።

አያትየው መምህር ገሠሠ በላቸው አርባ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የመንኰራኵሯ ሰው ሁሉ መግባቢያው እንግሊዝኛ ነውና፣ የልጅ ልጃቸው ገና በጡጦዋ ስሕተት እንድትማር አልፈቀዱም። ሰብለወንጌል ግን ለሞግዚቷ በቀዳችው እንግሊዝኛ የየቃሉን ክፍለ ድምፆች ሁሉ እንደ ጡብ እኩል እየደረደረች ትናገራለች፤ የመምህር ልጅ ሆና! ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ከሞግዚቷ ፊት ተቀምጠው አረሙ። እያንዳንዱ ቃል በአየር ላይ እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል፤ ጫና የሚያርፍበትን ክፍል በጣታቸው ከፍ ሲያደርጉት ድምፁ በዚያ ይበረታል። «ባናና» መካከሉ ላይ፤ «ፎቶግራፍ» መነሻው ላይ፤ «ፎቶግራፈር» ግን ሁለተኛው ላይ። የታረመውን ካስገቡ በኋላ የቀድሞውን ጨርሰው ደመሰሱት። ስሕተት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይጠፋ ከክፍል ወጥተው አያውቁም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሶልያና ጡጦ አልቀበልም አለች።

«መሣሪያዋን ፈታትሻት፤ ተበላሽታለች» አሉ መምህሩ።

«መሣሪያዋስ ደኅና ናት፣ ጋሼ» አለች ነርሷ ሲስተር ውብአንቺ። «ሕፃኗ የማታውቀው ሰው መጣባት እንጂ።»

«የገዛ እናቷ ድምፅ እኮ ነው!»

«ነበር። የቀድሞውን ይመልሱላት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የለም። አጥፍቼዋለሁ።»

ነርሷ ሰዓቷን አየች። «እስከ ቀትር ካልጠባች ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቱቦ ያስገባል። ከትናንት ጀምሮ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

መምህሩ ሕፃኗን አቀፏት። በአማርኛ እሹሩሩ ቢሏት ባሰባት። በክፍል ውስጥ በሚታወቁበት በዚያ በጠራ እንግሊዝኛ ቢያነጋግሯትም ፊቷን አዞረች። ከንፈሯ ደርቋል። ያን ጊዜ ወደ ነርሷ ሳይመለከቱ፣ እያፈሩ፣ የልጃቸውን አነጋገር ሞከሩ። ክፍሎቹን ሁሉ እኩል አድርገው፣ አንዱንም ሳያስበልጡ፣ ቀስ ብለው፣ እናቷ እንደምትላት፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማይ ቢዩቲፉል ባናና» አሏት።

ሲስተር ውብአንቺ ሳቋ አመለጣት። «ሰብልዬን ቁርጥ!»

«አስመሰልሁ እንጂ።»

«ኧረ አይደለም! ይህ እንዲህ በአንዴ የሚኮረጅ ነው? ሰብልዬ ከየት አገኘችው ታዲያ?»

መምህሩ ጡጦውን ከሞግዚቷ ወስደው ወደ ሕፃኗ ከንፈር አስጠጉ። ሚስታቸው በወሊድ ያረፈችበት ዓመት ትዝ አላቸው። ቀኑን ሙሉ በክፍል ውስጥ ሲጠነቀቁ ውለው ማምሻውን ደክመው ሲገቡ፣ ያችን እናት የሌላትን ሕፃን፣ ሰብለወንጌልን፣ በጉልበታቸው አስቀምጠው ያጫውቷት የነበረው እንዲሁ ነበር፤ ገጠር ትምህርት ቤት በተማሩት፣ ማንም በማይሰማቸው ጊዜ በሚናገሩት በዚያ እኩል በሆነ እንግሊዝኛ። በኋላ ልጅቱ አፍ ስትፈታ ግን በሰው ፊት ያርሟት ጀመር።

ሶልያና ልቅሶዋን አቆመች። ጡጦውን ያዘች፤ ለቀቀች፤ ደግሞ ያዘች።

«አያቋርጡ» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

የሚናገሩት አለቀባቸው። ግን ማቋረጥ አልተቻለም። ስለዚህ በዚያው አነጋገር፣ እናቷ አንድ ፍሬ ልጅ ሳለች በር ላይ ቆማ እንዴት ትጠብቃቸው እንደነበር፣ ሊያርሟት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ዓይኖቿ እንዴት ይወርዱ እንደነበር፣ እርሳቸውም ያን እያዩ እንዳላዩ ማለፋቸውን ለሕፃኗ ነገሯት። ወተቱ አለቀ። መምህሩ ግን አላቆሙም፤ ለልጃቸው አንድም ቀን ያልነገሯትን ገና መጀመራቸው ነበር።