የሙቢና ጥሩር

ሙቢና ቆርቆሮው ውስጥ ተይዛ እስክትቀር ድረስ ኢርሻድን አንድ ቀን እንኳ ደፍራ አይታው አታውቅም ነበር። እሺ፣ ታየዋለች፤ ግን በጎን ነው።

ኢርሻድ ማለት አሰላ መናኸሪያ ጀርባ ብየዳ ቤት የሚሠራው ልጅ ነው። በር ይበይዳል፣ መስኮት ይበይዳል፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ የተበላሸ ኮምባይነር ሆድ ስር ገብቶ ይውላል። እጁ ሁሌ ጥላሸት ነው። ሲስቅ ግን፣ ተዉኝ በቃ።

የወጣት ማዕከሉ ድራማ ላይ አንድ የጦር አዝማች አለ። ጥሩሩን፣ ያው ጦረኛ ደረቱ ላይ የሚለብሰውን ብረት፣ ኢርሻድ ከአሮጌ ኮምባይነር ቆርቆሮ የሠራው አዝማቹን ሊጫወት ለነበረው ለሚፍታ ነበር። ሚፍታ ደግሞ ሩጫ ይሻለኛል ብሎ ድራማው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በቆጂ ገባ። የሱን ንግግር በሙሉ በቃሏ የምታውቀው ሙቢና ብቻ ስለነበረች፣ ድራማውን የሚመራው ቲቸር አሰግድ አዝማቿ አንቺ ነሽ አላት። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፣ መድረክ ላይ ግን ከሻይ አቅራቢነት አልፋ አታውቅም።

ለበሰችውና ጉድ ሆነ። ትከሻው ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። ደረቷን እንደ በር ጠፍጥፎ ያዛት፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ዳሌዋን እየወጋ መቀመጥ ከለከላት። ልጆቹ ፍሪጅ አሏት። ኢርሻድ ብቻ አልሳቀም።

«ለወንድ ነበር የሠራሁት» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አስተካክልልሻለሁ። ልክሽን ብቻ…»

ሜትሩን እንደያዘ ቀረ። ጆሮው ቀላ። የሷም ቀላ። እሱ ሜትር ቢያዞርባት እኮ ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል፣ አሰላ ናት። ረጅም ሲባጎ ቆረጠላትና ቤትሽ ሄደሽ ለኪው፣ አንደኛው ቋጠሮ ደረት፣ ሁለተኛው ወገብ፣ ሦስተኛው ዳሌ ይሁን አላት።

«ደረቱን እንዴት ልታደርገው ነው?» አለች።

«መሐሉን ከፍ አድርጌ ወደ ሁለቱም ጎን አዘቀዝቀዋለሁ፣ እንደ ጣራ። አንቺን አይጠብሽም፣ ቅርፅሽን ደግሞ ማንም አያይም።»

ማንም አያይም ሲል ራሱ አንገቱን ደፋ። ሙቢና ያን ቀን ባጃጅ ሳትይዝ ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች፣ የጭላሎ ተራራ ብርድ ፊቷን እየገረፋት፣ ምንም ሳይሰማት።

ከዚያ በሯን ዘግታ ምን አደረገች? ትንፋሿን ያዘች። ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ሲባጎውን ጥብቅ አድርጋ ቋጠረች። ኢርሻድ ቋጠሮዎቹን ሲያይ ወፍራም ናት እንዳይል ነዋ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ እናቷ ቅዳሜ አስር ሰዓት ከዲክሲስ እንግዳ አለ አለቻት። ለእህል ነጋዴ ልጃቸው ሊያጯት የሚመጡ ሰዎች ናቸው። አባቷ ልጅቷ ትጠየቃለች፣ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው አለ። እነሱ ቤት እንደዚህ ነው፣ ልጃገረድ በአፏ እሺ አትልም፣ ዝምታዋ ይበቃል። ሙቢና ደግሞ በተፈጥሮዋ ዝምተኛ ናት። አባቷ ፊት እምቢ ብላ ታውቃለች እንዴ? ሳምንቱን ሙሉ ማታ ስትተኛ ጣራው ደረቷ ላይ የወረደ ይመስላት ነበር።

ቅዳሜ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ጥሩሩን ለበሰች፣ ልክ ሆነ፣ አማረባት፣ በጎን በኩል ያሉት ስድስት ብሎኖች ጠበቁ። ትንፋሿን እስከያዘች ድረስ ምንም አልነበረም። ግን አዝማቿ ጦሯን የምትጠራበት ቦታ ላይ ደረሰች። መጮህ አለባት። አየር ሳበች። ቆርቆሮው ተንጣጣ፣ ጠርዙ ታጠፈ፣ ብሎኖቹ ተጣበቁ። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ግማሽ ግማሽ ሆነ።

ኢርሻድ መፍቻ ይዞ ሮጦ መጣ። ቢያዞር ቢያዞር አልፈታ አሉ፣ የብሎኖቹ ጥርስ ተበልቷል። ይባስ ብሎ ስልኳ ሹራቧ ኪስ ውስጥ፣ ጥሩሩ ስር፣ ይጮህ ጀመር። ቆርቆሮው ላይ ሲንቀጠቀጥ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ እናቷ ናት። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ቲቸር አሰግድ ውጡ አየር ታግኝ ብሎ አስወጣቸው፣ እሱም በሩ ላይ ቆመ።

«ሙቢ፣ ቋጠሮው ትክክል ነበር?» አለ ኢርሻድ ቀስ ብሎ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ትንፋሼን ይዤ ነው የለካሁት።»

«ለምን?»

«አንተ ስለምታየው።»

ኢርሻድ መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ፊቱ በሙሉ። አስር ሌሊት የቀጠቀጠው ሥራ ነው፣ ድራማው ደግሞ ነገ ነው። የቆርቆሮ መቀሱን አነሳ።

«ሥራህ እኮ ነው» አለች።

«ይቆረጥ። አንቺ ተንፍሺ።»

ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ቆረጠው፣ እጁ አንዴም ሳይነካት። ቆርቆሮው ሲከፈት የሳበችው አየር፣ ወላሂ፣ የአንድ ሳምንት ነበር። ስልኩን አወጣችና አነሳች። እናቷ የት ሄድሽ፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው፣ አባትሽ ተቆጥቷል እያለች ነበር። ሙቢና አስጨረሰቻት።

«እማ፣ እመጣለሁ። ሻይም አቀርባለሁ። ግን ዝም ብላለች እንዳትሉ። አልፈልግም።»

በስልኩ ውስጥ ከኋላ የአባቷ ድምፅ ምን አለች ሲል ተሰማ።

«ልጅህ ተናገረች» አለችው እናቷ።

እንግዶቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። አባቷ ያን ማታ አላናገራትም። እሁድ ግን ከመድረኩ ላይ ሆና፣ አዳራሹ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አየችው። የጥሩሩ የተቆረጠው ጎን በሲባጎ ተጠላልፎ ነበር፣ ስትተነፍስ አብሮ ይከፈታል፣ ይሰበሰባል። ኢርሻድ አዲስ ሲባጎ ልኮላት፣ አሁን ተንፍሰሽ ለኪ ብሏት ነበር። ስትጮህ መስኮቱ ነዘረ።

ስንዴው ታጭዶ ኮምባይነሮቹ ሲቆሙ የኢርሻድ ሽማግሌዎች መጡ። አባቷ ጓዳ ድረስ ገብቶ፣ ከብየዳ ቤቱ ልጅ ነው የመጡት፣ ምን ትያለሽ ብሎ ጠየቃት።

ሙቢና ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች። ዝም አለች።