ሙቅ ውሃ ያልተሰማው ሰዓት ሠሪ

ሰዓት ሠሪው የተገኘው ገላ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሏል፤ ከደረቱ በታች ቆዳው ተልጧል። ሚስቱ እናቷ ዘንድ አድራ ስትመለስ አየችው፤ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ጩኸቷን እስካሁን ከጆሮው ማውጣት አልቻለም።

መርማሪው ረፋዱ ላይ መጣ። ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ላለማሳፈር ይመስል ከበሩ እስከ ገንዳው አሥር ደቂቃ ፈጀ። የሟቹን ፊት ጎንበስ ብሎ አየ። ሞላ ያለ፣ መጨማደድ የሌለበት፣ የሚያብለጨልጭ ፊት ነው። የጆሮው ጫፍ ወፍሯል፤ ቅንድቡ ከዳር ከዳር ሳስቷል። አይቸኩሌ ይህ ፊት ደስ አላለውም።

ሳሎን ውስጥ የሠርግ ጥሪ ካርዶች ተደርድረዋል። የሟቹ አንድ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልትዳር ነው። እዚያው ቤት የምትኖረው የሟቹ ታላቅ እህት መርማሪውን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«እባክዎ ጌታዬ፣ ነገሩ ሳይሰፋ ይዘጋልን። አማቾቻችን ነገር የሚያጠብቁ ሰዎች ናቸው፤ ልጅቷ ሳትዳር ትቀርብናለች።»

«ምኑ ነው የሚሰፋው?»

ሴትየዋ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ወንድሜ የሥጋ ደዌ ነበረበት። ሰውነቱ ስሜት የለውም፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ አላወቀውም። ሚስቱ እንኳ አልሰማችም። አደራዎን።»

«እርስዎስ ከማን ሰሙ?»

«ታላቁ አይደለሁ? ከእኔ ምን ይደበቃል።»

ሚስቲቱ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ኩላሊቱን ያመመው መስሎኝ ነበር» አለች። «ሽንቱ ቀልቶ አየሁት። ቫይታሚን ነው ብሎ ሸነገለኝ፤ አላምን ብዬ ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅኩ።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱማ አምሮበት ነበር። ሰው ሁሉ ምን ብታበይው ነው ይለኝ ነበር።»

የሱቅ ባልንጀራውም ከዚህ የተለየ አላወቀም። «ደላህ እያልኩ ስቀልድበት ከረምኩ» አለና አንዲት ትንሽ የሴት የእጅ ሰዓት አቀበለው። «ትናንት ከመዝጋታችን በፊት የጨረሳት ናት። ብሎኗን ያለ አጉሊ መነጽር አያዩዋትም፤ እሱ በጣቱ ጫፍ ዳብሶ ነው የሚያስገባት።»

አይቸኩሌ ሰዓቲቱን ጆሮው ሥር ያዛት። ትሠራለች። ስሜት የሌለው ጣት ይህን እንዴት አደረገ?

ከሰዓት በኋላ ሟቹ የታከመበትን የቆዳ ክሊኒክ አገኘ። ዶክተሯ ካርዱን ስታወጣ ፊቷ ጠቆረ።

«ከጆሮው ጫፍ በስለት ትንሽ ጭረን ናሙና ወሰድን። በማይክሮስኮፕ ስናየው ባክቴሪያው ሞልቷል። ሌፕሮማተስ የሚባለው፣ በሰውነት ሁሉ የሚሰራጨው የሥጋ ደዌ ዓይነት ነው። የጀመርንለት መድኃኒት ሽንት ያቀላል።»

«ስሜቱስ?»

«በጥጥ ነካነው፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ብልቃጥ አስነካነው። አንዱንም አልሳተም። ይህኛው ዓይነት ስሜት የሚያጠፋው ቆይቶ ነው። የሥጋ ደዌ ያለበት ሁሉ ደንዝዟል ብሎ የሚሸወደው ሐኪም ራሱ ብዙ ነው። ሚስቱንና እህቱንም እንድንመረምር አምጣቸው ብለነው ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ አለ።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት በሦስተኛው ቀን መጣ። አይቸኩሌ ሚስቱን፣ እህቱን፣ ባልንጀራውን፣ ዶክተሯን፣ ልጅቷንና እጮኛዋን ሳሎን ውስጥ ሰበሰበ። ካርዶቹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ የሚያነሳቸው ጠፍቷል።

«ሟቹ የሥጋ ደዌ ታማሚ ነበር» አለ። ሚስቲቱ ዓይኗ ፈጠጠ። «ግን ሙቅ ውሃ ይሰማው ነበር። ነቅቶ ቢሆን ዘሎ ይወጣ ነበር። አልወጣም፤ ደሙ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። አንድ ሰው አፈዘዘው፣ ደግፎ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠው፣ የፈላ ውሃ ለቀቀበት። በሽታው አደንዝዞታል ይባላል፣ ማንም አይጠረጥርም ብሎ ተማምኖ።»

ባልንጀራው ላቡን ጠረገ።

«በሽታውን ጨርሶ ያላወቀ ሰው ይህን አያስብም። ሚስቱ ኩላሊት መስሏት ልትጠይቅ መሄዷን የፋርማሲው ባለሙያ ነግሮኛል፤ ያን ዕለት እናቷ ዘንድ ማደሯን አራት ሰው መስክሯል። ባልንጀራውም የሚያውቀው ድሎቱን ብቻ ነው። ጠንቅቆ ያወቀም አያስብም፤ ዶክተሯ ሙቁን መለየቱን በእጇ ጽፋለች። ሙሉውን ያወቁ ሌሎች ሁለት ሰዎችም አሉ፤ እመለስባቸዋለሁ። የቀረኝ ግማሹን ብቻ ያወቀ ሰው ነው።» ወደ ታላቅ እህቱ ዞረ። «አላወቀውም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የእንቅልፍ ክኒኑም የእርስዎ ነው። የወር የሚሆን ገዝተው በሳምንቱ ብልቃጡ ባዶ ሆነ።»

ሴትየዋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የጥሪ ካርድ አነሳች።

«ኮቱን ስቦርሽ የክሊኒኩን ወረቀት አገኘሁት» አለች። «የበሽታውን ስም አነበብኩ። ይህ ቢሰማ ልጄን ማን ያገባታል? እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ውሃውን የመረጥኩት እኮ አይሰማውም ብዬ ነው። ወንድሜን ላሰቃየው አልፈለግኩም።»

ሚስቲቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ልጅቷ ግን ተነስታ አክስቷ ፊት ቆመች።

«አክስቴ፣ አባዬ ገና ሲነገረው ነው የነገረኝ። እኔም ለእሱ በማግስቱ ነገርኩት» አለች እጮኛዋን እያየች። «ክሊኒክ ሦስት ሆነን ነበር የምንሄደው። ሁለታችንም ተመርምረናል። ይድናል፣ መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም ተብለናል። አንቺንና እማዬን የደበቃችሁ ይደነግጣሉ ብሎ ነው።»

አክስትየዋ ቀና ብላ እጮኛውን አየችው፤ አይደለም እንዲላት የምትለምነው ትመስል ነበር።

«ወላጆቼም ያውቃሉ፤ እኔው ነኝ የነገርኳቸው» አላት። «የሠርጉን ቀን የቆረጥነው ከዚያ በኋላ ነው።»