በሟች ደረት ላይ ያለ ጥላሸት

ቆርቆሮ መቺው ከአዲሱ ጣራ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ የጠዋቷን ፀሐይ እየመለሰ ዓይን ያጥበረብራል። መርማሪዋ ግንባሯን በመዳፏ ጋርዳ ሬሳው አጠገብ በርከክ አለች።

«ስካር ነው» አለ አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ። «ትናንት ሲጠጣ አምሽቷል። እኔ ሚስማር ላመጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሰው ከብቦታል፤ አልነካሁትም።»

የሟች ሚስት ጮኸች። «ውሸት! ልጃችን ስትወለድ መጠጥ እርሜ ነው ብሎ ምሎልኛል! ኢንስፔክተር፣ ሞቱስ ሞቱ ነው፤ ቃሉን አጥፎ ሞተ እንዳይባልብኝ!»

መርማሪዋ ወሬ አትወድም፤ ዓይኗን ነው የምታምነው። የሟች ፊት ንጹሕ ነው። ሸሚዙ ግን ደረቱ ላይ ጠቁሯል። ወደ አናጢው ዞረች፤ ቤቱ ውስጥ በር ሲገጥም ያረፈደ ሽማግሌ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥላሸት ነዋ! ቆርቆሮ መቺዎች ፀሐይ በሚመታው በኩል መውጣት ግድ ሲሆንባቸው፣ እንዳያጥበረብራቸው ከዓይናቸው ሥር ይቀቡታል።»

«ዛሬ ግድ ነበር?»

«ምን ሲደረግ! ሟች ጠዋት ምዕራቡን ነው የሚመታ፤ የጣራው አናት ይጋርደዋል። ምሥራቁን ከሰዓት፣ ጥላ ሲሆን። ‹ከፀሐይ ጋር ግብግብ አልገጥምም› ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ከሱ ጋር? ጉንዳን ረግጦ ይቅርታ ከሚል ሰው ጋር?» ሽማግሌው እንባውን ዋጠ። «የራሴ መዶሻ አደነቆረኝ እንጂ ሲወድቅ በሰማሁ ነበር።»

ከሰዓት መርማሪዋ ሦስቱንም ከጣራው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ጥላሸት አልተቀባም። ስለዚህ ምሥራቁን ሊመታ አልወጣም። ጥላው ውስጥ እየሠራ ሳለ በድንገት ተሻገረ። ሰው እንዲህ ሳይዘጋጅ የሚሮጠው ሲጠሩት ነው። ማን ጠራው? ደረቱ ላይ ያለው ጥላሸት ከሌላ ሰው ፊት የመጣ ነው። ያ ሰው ተቀብቶ ምሥራቁ ላይ ነበር። ወርዶ ሬሳው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ፊቱን ታጠበ። አናጢው በር እየገጠመ ጥላሸት ምን ያደርግለታል?» ወደ ታናሹ ዞረች። «እስቲ እጅጌህን ገልብጥ።»

ፊቱን የጠረገበት እጅጌው ከውስጥ በኩል ጠቁሯል።

«ሁሌ ‹ቆይ፣ ጥላ ይሁን› ይለኛል» አለ እንባው እየቀደመው። «አንድ ቀን ልቅደመው ብዬ ወጣሁ። ፀሐይዋ ዓይኔን አጠፋችው፤ ተንሸራተትኩ። ማገር ይዤ ‹ጋሼ!› ብዬ ጮህኩ። መጣ። ጎትቶ አወጣኝ። ሲዞር ግን... ጠርዙን አላየውም።»

«ስካሩስ?»

«ፈራሁ። ‹አንተ ገደልከው› እንዳትሉኝ ፈራሁ።»

ሚስቲቱ ወደ ታናሹ ቀረበች።

«የጠዋቱ አደጋ ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ሬሳው ሳይነሳ ሰካራም ማለትህ ግን አንጀቴን ቆርጦታል። ልጄ ስትጠይቅ አንተው ትነግራታለህ። ‹አባትሽ አልጠጣም፤ እኔን ሊያወጣ ሞተ› በላት። ከአፍህ ትስማው።»

ታናሹ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አናጢው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ምሥራቁ ጥላ ሆኗል። ሟች መዶሻውን ይዞ ወደዚህ የሚሻገርበት ሰዓት ነበር።